የባትሪ ድንጋይ፣ ፔጆና ኤፍል ማማ፦ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች

ልጅ ሆነን የባትሪ ድንጋይ አለቀ ተብሎ አይጣልም ነበር። መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ትንሽ ነፍስ ይዘራና ሬዲዮው አንድ ዜና ያህል ይናገራል። ከዚያ በኋላ ነው ለእኛ ለልጆቹ የሚደርሰን። በድንጋይ ቀጥቅጠን ቆርቆሮውን እንፈለቅቀዋለን፣ ውስጡ ያለውን ጥቁር ዱቄት እናወጣለን፣ ከከሰልና ከቅጠል ጋር አሽተን የክፍላችንን ሰሌዳ እናጠቁርበታለን። መሃሉ ላይ ያለችው ጥቁር ዘንግ ደግሞ ግድግዳ መሞነጫጨሪያ ናት። እጃችን ለሁለት ቀን አይጸዳም።

ያ ዱቄት ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ የሚባል ነገር መሆኑን ያወቅኩት በጣም ቆይቼ ነው። ዘንጓ ካርቦን ናት። ቆርቆሮው ዚንክ ነው። እነዚህን ሦስቱን አገናኝቶ ኤሌክትሪክ ያወጣው ዦርዥ ለክላንሼ የሚባል ፈረንሳዊ ነው፣ በ1866። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የእሱ ባትሪ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ የሚቀመጥ እርጥብ ነበር፤ ለቴሌግራፍ ነው የተሠራው። ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ አንድ ጀርመናዊ ደረቅ አደረገውና የእኛ ሬዲዮ ውስጥ ለመግባት በቃ።

ለክላንሼ የተማረው ፓሪስ ነው፣ ኤኮል ሳንትራል በሚባል የምህንድስና ትምህርት ቤት። በ1860 ተመረቀ። ከእሱ አምስት ዓመት ቀድሞ ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣው ጉስታቭ ኤፍል ነው፣ የማማው ባለቤት። ሐረር የሄደ ሰው ደግሞ እነዚያን አሮጌ ፔጆ 404 ታክሲዎች ሳያይ አይመለስም፤ የመኪናው ስም የመጣው ከአርማን ፔጆ ቤተሰብ ነው፣ እሱም የሳንትራል ተማሪ ነበር። ሚሼሊን ጎማስ? ከሁለቱ ወንድማማቾች ታላቅየው አንድሬ የ1877 ምሩቅ ነው።

እንዲህ ዓይነት ዝርዝር ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በየጊዜው ይዞራል። «ከዚህ ትምህርት ቤት የወጡ ታላላቅ ሰዎች» ተብሎ ፎቶ በፎቶ ይደረደራል፣ እኛም አይተን ጉድ ብለን እናልፋለን። እኔ ግን ዝርዝሩን ሳየው ሁለት ነገር ይከነክነኛል። አንደኛው፣ እንዴት ነው ይሄ ሁሉ ሰው ከአንድ ግቢ የወጣው? ሁለተኛው፣ ዝርዝሩ ላይ የሌለው ማን ነው? የሁለተኛው ጥያቄ ወሬ አሁን ፓሪስ ውስጥ ሞቅ ብሏል፣ እመለስበታለሁ።

ከመጀመሪያው እንጀምር። ሳንትራል በተከፈተበት በ1829 ፈረንሳይ ስመ ጥር የምህንድስና ትምህርት ቤት አልጎደላትም። ኤኮል ፖሊቴክኒክ ከ1794 ጀምሮ አለ። ግን የፖሊቴክኒክ ምሩቅ የመንግሥት ሰው ነው። መንገድና ድልድይ መሥሪያ ቤት ይገባል፣ ማዕድን መሥሪያ ቤት ይገባል፣ ወይ መድፈኛ መኮንን ይሆናል። ፋብሪካ ያለው ነጋዴ መሐንዲስ ቢፈልግ ከየት ያምጣ? ያኔ እንግሊዝ በእንፋሎት ማሽን ጥላቸው ሄዳለች።

አራት ሰዎች ተሰባሰቡ። አልፎንስ ላቫሌ ገንዘቡን አወጣ። ሦስቱ አስተማሪዎች ናቸው፦ ኬሚስቱ ዣን ባቲስት ዱማ፣ የሙቀት ነገር አዋቂው ፔክሌ፣ የጂኦሜትሪ ሰው ኦሊቪዬ። የመንግሥት ገንዘብ የለበትም፣ በግል የተከፈተ ትምህርት ቤት ነው። ዓላማቸውንም ሲናገሩ «የፋብሪካ ሐኪሞች» እናወጣለን ነበር የሚሉት። ይህቺን አባባል በጣም እወዳታለሁ። ሐኪም የሚጠራው የታመመ ሰው ሲኖር ነው፤ እነሱም ተማሪውን ከመቀበላቸው በፊት ታማሚውን ለይተው አውቀውታል። የተከራዩት ደግሞ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አንድ የጨው ግብር ሰብሳቢ ያሠራውን ትልቅ ቤት ነው። የፓሪስ ሰው እስከ ዛሬ «ጨዋማው ቤት» እያለ ይጠራዋል፣ አሁን የፒካሶ ሙዚየም ሆኗል።

ትምህርቱ ሦስት ዓመት ነው። ዋናው ነገር ሁሉም ሁሉንም ይማራል፤ ኬሚስትሪም፣ ማሽንም፣ ግንባታም፣ ብረታ ብረትም። የፋብሪካ ሐኪም ሆድ ብቻ ነው የማክመው ሊል አይችልም። በኋላ ላይ ወደ አንዱ ዘርፍ ያደላል እንጂ መሠረቱ አንድ ነው። ይሄ ነገር ኤፍልን ነው ያተረፈው።

የኤፍል ታሪክ ሲነገር ሁልጊዜ ከማማው ይጀመራል። እኔ ከውድቀቱ ብጀምር ይሻለኛል። በ1852 ፖሊቴክኒክ ለመግባት ተፈትኖ አልተሳካለትም። ሳንትራል የገባው ያኛው ስለቀረበት ነው። እዚያም የመረጠው ኬሚስትሪን ነው! ዲዦን ከተማ አጎቱ ፋብሪካ ነበረው፣ ልጁ ኬሚስት ሆኖ ይረከበኛል ተብሎ ታስቦ ነበር። ልክ ሊመረቅ ሲል ግን አጎትየው ከቤተሰቡ ጋር ተጣላና የተዘጋጀው ወንበር ጠፋ። ሥራ ፈላጊ ኬሚስት ሆነ። ያኔ ሰው አጥብቆ ይፈልግ የነበረው ባቡር ነው፣ እዚያ ገባ። በ26 ዓመቱ ቦርዶ ላይ 500 ሜትር የሚጠጋ የባቡር ድልድይ ሥራ እንዲመራ ተሰጠው።

እስቲ አስቡት፤ በኬሚስትሪ የተመረቀ ሰው፣ ገና ሦስት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሠራ፣ የወንዝ ወለል ውስጥ መሠረት አስገብቶ ድልድይ ያቆማል። ይሄ የልጁ ጉብዝና አይደለም አልልም። ግን መጀመሪያ የብረት ጠባይና የመዋቅር ስሌት በግድ ስለተማረ ነው ዘርፍ መቀየር የቻለው፤ ቀጥሎ ደግሞ በሩ ላይ የባቡር ኩባንያዎች ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር። ከእነዚህ ሁለቱ አንዱ ቢጎድል ዛሬ ስሙን አናውቀውም ነበር ብዬ አምናለሁ።

በኤፍልና በቀጣዩ ሰው መካከል የአንድ ዓመት ልዩነት ነው ያለው። ዊሊያም ለ ባሮን ጄኒ ይባላል፣ ከማሳቹሴትስ የመጣ አሜሪካዊ። በ1856 ተመርቆ አገሩ ገባ፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ በሰሜኖቹ በኩል መሐንዲስ ሆኖ አገለገለ፣ ከዚያ ቺካጎ ቢሮ ከፈተ። በ1885 ሆም ኢንሹራንስ የሚባለውን ሕንፃ አስረከበ። አሥር ፎቅ ነው። ዛሬ ቦሌ ላይ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ቁመት ነው፣ ግን ጭነቱን በአብዛኛው የሚሸከመው ከውስጥ ያለው የብረት አጽም እንጂ እንደ ድሮው ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አልነበረም። ብዙዎች የመጀመሪያው ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ እሱ ነው ይላሉ፣ የሚከራከሩም አሉ። በ1931 ፈርሷል። ኤፍልና ጄኒ አንድ ግቢ ውስጥ አብረው የቆዩ ተማሪዎች ናቸው፣ በሠላሳ አምስት ዓመት ውስጥ አንዱ ፓሪስ ላይ ሌላው ቺካጎ ላይ ብረትን ወደ ላይ አቆሙት።

አሁን በጣም ወደምወደው ታሪክ ልምጣ። ጁን 1895 ነው፣ አድዋ ሊሆን ዘጠኝ ወር ገደማ ቀርቶታል። ከፓሪስ ቦርዶ ደርሶ መልስ የመኪና ውድድር ተጠራ። ወደ 1,180 ኪሎ ሜትር ነው። መኪና ያኔ አዲስ ጉድ ነው፣ ብዙው ሰው ከፈረስ ጋሪ ይበልጣል ብሎ አያምንም።

አንደኛው ተወዳዳሪ ኤሚል ለቫሶር ነው። የሳንትራል የ1864 ምሩቅ። ረኔ ፓናር ከሚባል የዚያው ዓመት የክፍል ጓደኛው ጋር የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን የሚሠራ ድርጅት ነበራቸው፤ ከዚያ የጀርመኑን የዳይምለርን ሞተር በፈቃድ መሥራት ጀመሩ። ሞተሩን ለማን ሸጡት? ለአርማን ፔጆ። የፔጆ ቤተሰብ ከዚያ በፊት መጋዝና የቡና መፍጫ ነው የሚሠራው። አዎ፣ የቡና መፍጫ፣ ከ1840 ጀምሮ! መኪናው ላይ ያለው አንበሳም መጀመሪያ የመጋዝ ምልክት ነበር፣ ጥርሱ እንደ አንበሳ ነው ለማለት። አርማን ከእንግሊዝ ሲመለስ ብስክሌት አስጀመረ፣ ከዚያ በእንፋሎት የሚሄድ ባለ ሦስት ጎማ ሞከረ፣ አልሆነም። ለቫሶር ዳይምለርን ራሱን ይዞ ፔጆ ቤት ድረስ ሄደ። ለቫሶርና ፔጆ ሲገናኙ አንድ ቋንቋ የሚያወሩ የአንድ ትምህርት ቤት ሰዎች ነበሩ።

ወደ ውድድሩ። ለቫሶር መሪውን ይዞ ወጣ፣ ሌሊቱን ሁሉ ነዳ። መሃል ላይ የሚቀይረው ሰው አንድ ሆቴል ውስጥ እንዲጠብቀው ተቀጣጥረዋል። ለቫሶር ግን ማንም ከገመተው ቀድሞ በሌሊት ደረሰ። ተቀያሪው ተኝቷል። ስለዚህ ተወውና ሄደ። ቦርዶ ደርሶ ዞረ፣ ያን ሁሉ መንገድ ራሱ ነድቶ በ48 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ፓሪስ ገባ። በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ሁለተኛው የመጣው ከስድስት ሰዓት ያህል በኋላ ነበር።

ሽልማቱን ግን አላገኘም። ደንቡ አራት መቀመጫ ያለው መኪና ነው የሚያሸንፈው ይል ነበር፣ የእሱ ሁለት ብቻ ነው። ዋናውን ሽልማት የወሰደው ከእሱ በኋላ የገባ አንድ ፔጆ ነው።

ከኋላ ደግሞ ሚሼሊኖች አሉ። በፔጆ አካል ላይ የተሠራ መኪና ይዘው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በአየር የሚነፋ ጎማ መኪና ላይ ገጥመው ወጡ። ሌላው ሁሉ ድፍን ጎማ ነው ያደረገው። ጎማው በየመንገዱ ይፈነዳል፣ ይወርዳሉ፣ ካላማዳሪ ይቀይራሉ፣ ይነፋሉ፣ ይሄዳሉ፣ እንደገና ይፈነዳል። ጎሚስታውም ሹፌሩም እነሱ ናቸው። በጣም ዘግይተው ገቡ። ግን ገቡ! ከዚያ ወዲህ ድፍን ጎማ ከመኪና ላይ እየጠፋ ሄደ። ዛሬ የምንነዳው ሁሉ በአየር በሚነፋ ጎማ ነው።

በዚያ አንድ መንገድ ላይ የለቫሶር መኪና፣ የፔጆ መኪና፣ የሚሼሊን ጎማ አለ። ሦስቱም ከአንድ ግቢ የወጡ። አንዱ ለአንዱ ሞተር ይሸጣል፣ ሌላው በጓደኛው መኪና ላይ ጎማውን ይሞክራል፣ ውድድር ላይ ደግሞ ተፎካካሪ ናቸው። ለመጀመሪያው ጥያቄዬ ያገኘሁት ትልቁ መልስ ይሄ ነው። ትምህርት ቤቱ ለእነዚህ ሰዎች ከሰጣቸው ነገር ሁሉ የሚበልጠው አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ይመስለኛል። የተማሩት ነገር አርጅቷል፣ በ1864 ስለ ቤንዚን ሞተር ያስተማራቸው የለም። ጓደኝነቱ ግን አላረጀም።

ለቫሶር ብዙም አልቆየም። በሚቀጥለው ዓመት ውድድር ላይ ውሻ ላለመግጨት ሲል ተገለበጠ። በ1897 ሞተ። ሞተሩን ከፊት፣ ከኋላው ፍሪሲዮን፣ ከዚያ ካምቢዮ፣ ኃይሉን ወደ ኋላ እግር የሚለው አደራደር ግን ከእሱ ቤት የወጣ ነው፣ አሁንም የብዙ ፒክአፕና የጭነት መኪና አሠራር ያው ነው። መካኒክ ጋር ሄዳችሁ መኪናው ተነስቶ ከሥር ካያችሁት የለቫሶርን እጅ አያችሁት ማለት ነው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። ሉዊ ብሌሪዮ የ1895 ምሩቅ ነው። የመኪና የፊት መብራት ሠርቶ ሸጦ ባገኘው ገንዘብ አውሮፕላን ይሠራል፣ ይወድቃል፣ ደግሞ ይሠራል። ጁላይ 25 ቀን 1909 ባለ 25 የፈረስ ጉልበት ሞተር ይዞ፣ የተቃጠለ እግሩን እያነከሰ፣ ከካሌ አጠገብ ተነስቶ በ37 ደቂቃ ገደማ ባሕሩን አቋርጦ እንግሊዝ ዶቨር አረፈ። እንግሊዝ ከዚያ በኋላ በባሕር ብቻ የታጠረች ደሴት አልሆነችም። ማርሴል ሽሉምበርዤ የ1907 ምሩቅ ነው፤ ከወንድሙ ከኮንራድ ጋር (እሱ የፖሊቴክኒክ ነው) ጉድጓድ ውስጥ ኤሌክትሪክ እየላኩ ከመሬት በታች ያለውን ዓለት የማንበብ ዘዴ አወጡ። በ1927 አልዛስ ውስጥ አንድ የነዳጅ ጉድጓድ ላይ ተሞከረ። ዛሬ የነዳጅ ጉድጓድ የሚቆፈርበት አገር ሁሉ ይህንን ይጠቀማል።

እንግዲህ ሁለተኛው ጥያቄ። ዝርዝሩ ላይ የሌለውስ?

ማማውን ራሱን እንይ። የመጀመሪያውን ንድፍ የሳለው ኤፍል አይደለም። በ1884 በድርጅቱ ውስጥ የሚሠሩ ሁለት መሐንዲሶች፣ ሞሪስ ኬሽለንና ኤሚል ኑጊዬ፣ ናቸው ሐሳቡን ያመጡት። ኬሽለን የተማረው ዙሪክ ነው፣ ኑጊዬ የፓሪሱ የማዕድን ትምህርት ቤት ነው። ሁለቱም የሳንትራል ልጆች አይደሉም። የኬሽለን ወረቀት አሁንም አለ፦ ባለ አራት እግር ረጅም መስመር፣ ከጎኑ ደግሞ ቁመቱን ለማሳየት ኖትር ዳም ቤተክርስቲያን፣ የነፃነት ሐውልትና ሌሎች የታወቁ ሐውልቶች አንዱ በአንዱ ላይ ተቆልለው ተስለዋል። ኤፍል መጀመሪያ ብዙም አልጓጓም። አርክቴክቱ ሶቬስትር ቅስቶቹን ጨምሮ ሲያስውበው ነው ልቡ የገባው፣ ከዚያ መብቱን ገዛቸው። ሥራውን መምራቱ፣ ገንዘብ ማፈላለጉ፣ ስድቡን መቻሉ፣ 18,000 የብረት ቁራጭና 2.5 ሚሊዮን ሪቬት (የብረት ማያያዣ ምስማር) በሁለት ዓመት ከሁለት ወር ገደማ ውስጥ ማገጣጠሙ የእሱ ነው፤ ያንን አልነሳውም። ግን ኬሽለን የሚለውን ስም ስንቶቻችን ሰምተናል? ዝርዝር የሚጽፈው የድርጅቱን ባለቤት ነው።

ዝርዝሩ ጥፋትንም አይጽፍም። ኤፍል በፓናማ ቦይ ሥራ ቅሌት ተከሶ በ1893 ሁለት ዓመት ተፈርዶበት ነበር፣ ፍርዱ በበላይ ፍርድ ቤት ተሻረለት። ከዚያ በኋላ ወደ ግንባታ አልተመለሰም፣ የነፋስ ምርምር ላይ ዕድሜውን ጨረሰ።

ማማው ላይ ደግሞ ራሱ ዝርዝር አለ። አንደኛው ፎቅ ዙሪያውን በእያንዳንዱ ጎን 18፣ በጠቅላላው የ72 የሳይንስና የምህንድስና ሰዎች ስም ተጽፏል፣ የፊደሉ ቁመት 60 ሴንቲሜትር ነው። ከሳንትራል መሥራቾች ዱማ አለ። 72ቱም ወንዶች ናቸው።

ሶፊ ዠርማን የለችም። በ1776 የተወለደች የሒሳብ ሰው ናት። ፖሊቴክኒክ ሲከፈት ሴት አይቀበልም ነበር፣ ስለዚህ የትምህርቱን ጽሑፍ በጎን እያስመጣች አጠናች፣ ሥራዋንም በወንድ ስም፣ «ሙሴ ለብላን» ብላ ላከች። በ1816 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ በሚርገበገቡ ስስ ጠፍጣፋ አካላት ላይ ለሠራችው ሥራ ሸለማት። የመለጠጥ ነገር ነው የሠራችው። ብረት ጭነት ሲያርፍበት እንዴት እንደሚጎብጥና እንደሚመለስ የሚያጠናው ትምህርት ከዚያ ዘር ነው። 300 ሜትር የብረት ማማ በነፋስ እየተወዛወዘ የሚቆመው በዚያ ዕውቀት ነው፣ እዚያ ላይ ግን ስሟ የለም። ይሄ እኔን ያንገበግበኛል።

ሳንትራል ለሴቶች በሩን የከፈተው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ነው። ወንዶቹ ጦር ሜዳ አልቀው ፋብሪካው ሰው ሲያጣ ማለት ነው። ፖሊቴክኒክ ደግሞ እስከ 1972 ቆየ። እንግዲህ ከ1829 ጀምሮ ለዘጠና ዓመት ያህል የወጣው «ታላላቅ ምሩቃን» ዝርዝር ግማሹ ሰው እንዳይፈተን ተከልክሎ የተሞላ ዝርዝር ነው።

የዛሬውም በር ጠባብ ነው። ፈተናው ለሁሉም አንድ ነው፣ በስም የሚያዳላ የለም። ግን ፈተናውን ለማለፍ ሁለት ወይ ሦስት ዓመት መሰናዶ ክፍል ገብቶ መጠበስ አለ፣ እዚያ የሚደርሰው ደግሞ ጥሩ ሁለተኛ ደረጃ የተማረና መንገዱን ከቤቱ የሚነግረው ያለው ልጅ ነው። በፈረንሳይ ታላላቅ ትምህርት ቤቶች ሲጠና ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ተማሪ ኑሮው ከተደላደለ ቤተሰብ የመጣ ሆኖ ተገኝቷል። ኤፍል በአንዱ ወድቆ በሌላው የገባው ሌላ የሚገባበት ስለነበረ ነው። አሁን በአንዱ የወደቀ የሃያ ዓመት ልጅ ሌላ በር ያገኛል ወይ የሚለው ከዝነኞቹ ስም በላይ ሊወራ የሚገባው ይመስለኛል።

ትምህርት ቤቱ ራሱ በ2015 ሱፔሌክ ከሚባለው የኤሌክትሪክ ትምህርት ቤት ጋር ተዋሕዶ ሳንትራል ሱፔሌክ ሆኗል፣ በ2017 ደግሞ ከፓሪስ ወጣ ብሎ ሳክሌ አምባ ላይ አዲስ ግቢ ገባ። በ2018 እዚያ ያሉና የሌሎች ታላላቅ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች አንድ መግለጫ አወጡ፣ ከ30,000 በላይ ተማሪ ፈረመበት። ለአየር ንብረቱ ግድ ለሌለው ድርጅት አንሠራም የሚል ነው። የመኪና፣ የጎማና የነዳጅ ጉድጓድ አዋቂዎች በወጡበት ቤት ይህ ሲባል ቀላል ነገር አይደለም። አንዳንዱ ሰው የጠገበ ልጅ ወሬ ነው አለ። እኔ ግን የመሥራቾቹን አባባል ነው ያስታወሰኝ። ሐኪሙ ያው ነው፣ ታማሚው ነው የተቀየረው።

እና በ2025 የፓሪስ ከተማ ማማው ላይ የ72 ሴት ሳይንቲስቶችን ስም ለመጨመር ማቀዷን አስታወቀች። ከነባሮቹ እኩል፣ 72 ለ72። ጥያቄው በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚጠራው የሶፊ ዠርማን ስም ነው። ከሞተች ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። በሰው ስም ደብዳቤ ትጽፍ የነበረችው ሴትዮ፣ ከታች የቆመ ሰው ቀና ብሎ በሚያነበው ፊደል፣ በራሷ ስም።